ዩሪያን በማንኪያ፣ በኖራና በካርካዴ መፈተን

ባለፈው ሰኔ አጎቴ ከደምቢያ መጡ። በእጃቸው ጥቁር ፌስታል አንጠልጥለዋል። ቅቤ መስሎኝ ደስ አለኝ። ፌስታሉ ሲፈታ ግን ነጭ ፍሬ ፍሬ ነገር ነው።

«አንች፣ እስኪ ይኸን እይልኝ» አሉኝ። «ዩሪያ ማዳበሪያ ነው ብለው ሸጡኝ። ልቤ ግን አልተቀበለውም።»

ከማን እንደገዙት አልጽፍም። በደንቡ ከሚከፋፈለው አይደለም፤ ሲቸግራቸው ከጎን የገዙት ነው። ይህን ሲነግሩኝ ራሱ አንገታቸውን ደፍተው ነበር።

እኔ እዚሁ ጎንደር ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። 17 ዓመት ሆነኝ። ቤቴ ውስጥ ግን ቤተ ሙከራ የለም። ያለኝ የከሰል ምድጃ፣ የማይፈለግ የብረት ማንኪያ፣ ለፋሲካ ግድግዳ ስንቀባ የተረፈ ኖራ፣ እና ጎረቤቴ ከመተማ ያስመጣችው ካርካዴ ነው። ይኸው በቃን።

እዚህ የምጽፈው ያን ቀን ያደረግነውንና ከዚያ ወዲህ ከተማሪዎቼ ጋር ያሻሻልኩትን ነው። ገበሬ ዘመድ ያላችሁ ትጠቀሙበታላችሁ። ኬሚካል በሌለበት ትምህርት ቤት የምታስተምሩ ደግሞ የበለጠ ትጠቀሙበታላችሁ። አማይድ ምን እንደሆነ በሰሌዳ ብቻ ማስተማር ምን ያህል እንደሚያደክም አውቃለሁና።

ከመጀመራችሁ በፊት

ደጅ ላይ ሥሩ፤ ካልሆነም በርና መስኮት ክፈቱ። እሳት ላይ የሚወጣው ፍሬ በጣት የሚቆጠር ይሁን እንጂ በጭብጥ አይደለም። ማንኪያውና ክዳኑ ከዚያ በኋላ ወደ ምግብ አይመለሱም። ምንም ነገር አትቅመሱ። አጎቴ ቀምሰውት ነበር፤ ተቆጣኋቸው። ኖራ ዓይን ውስጥ ከገባ ክፉ ነው። መነጽር ከሌላችሁ ቢያንስ ፊታችሁን ራቅ አድርጉ፤ ከገባ ደግሞ ቶሎ ብላችሁ በብዙ ውሃ ረዘም ላለ ጊዜ እያጠባችሁ ሐኪም ቤት ሂዱ።

አንድ ነገር ደግሞ አጥብቄ ልናገር። በረኪና በዚህ ሁሉ አካባቢ አይድረስ። በረኪና ከዩሪያም ከአሞኒያም ጋር ሲገናኝ የሚያፍን መርዛም ጋዝ ይሠራል። ስትጨርሱ ዕቃውን በበረኪና እናጥበው የሚል ሰው አይጠፋም። በውሃና በሳሙና ይበቃዋል።

በሬው የራሱ ነው፤ ግን ተጠምዷል

ዩሪያ አማይድ ነው፤ ማለትም ናይትሮጅኑ የተያያዘው ኦክስጅን በድርብ ቦንድ ከያዘ ካርቦን ጋር ነው። መሐል ላይ አንድ ካርቦን አለ። ካርቦኑ አንድ ኦክስጅን በድርብ ቦንድ ይዟል። በግራና በቀኙ ሁለት ናይትሮጅኖች አሉ፤ እያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት ሃይድሮጅን ተሸክመዋል። የሞለኪዩሉ ክብደት 60 ነው። ከ60ው 28ቱ ናይትሮጅን ነው። ከረጢቱ ላይ 46 የሚል ቁጥር የምታዩት ለዚህ ነው፤ በመቶኛ ሲሰላ እዚያ ገደማ ይመጣል። በ50 ኪሎ ከረጢት ውስጥ 23 ኪሎ ናይትሮጅን አለ ማለት ነው። (ከረጢት አልኩ እንጂ እኛ ቤት ጤፉም ከሰሉም የሚገባው «ማዳበሪያ» ውስጥ ነው። ዕቃው የይዘቱን ስም ወርሶ ቀርቷል።)

ስሙ እንደሚነግራችሁ (ዩሪን በእንግሊዝኛ ሽንት ነውና) ነገሩ የተገኘው ከሽንት ነው። ሩዌል የሚባል ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ1773 ከሽንት ለይቶ አወጣው። በ1828 ደግሞ ጀርመናዊው ፍሪድሪክ ቮለር ኩላሊትም እንስሳም ሳያስፈልገው ቤተ ሙከራ ውስጥ ሠራው።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። አሞኒያ ላይ ያለው ናይትሮጅን ከማንም ጋር ያልተያያዘ አንድ ጥንድ ኤሌክትሮን አለው። ሃይድሮጅን አዮን ሲመጣበት ይህን ጥንድ ይሰጠዋል። ቤዝ የሚያሰኘው ይህ ነው። አማይድ ላይ ያለው ናይትሮጅንም ያው ጥንድ አለው። ግን አጠገቡ ያሉት ካርቦንና ኦክስጅን ወደ ራሳቸው ስበውታል።

ይህን ለተማሪዎቼ የማስረዳው በመቀናጆ ነው። አንድ በሬ ያለው ገበሬ አንድ በሬ ካለው ጎረቤቱ ጋር ይቀናጃል። በሬው የራሱ ነው፤ ግን ቀንበር ላይ ውሏል። እርሻ መሐል ሌላ ሰው መጥቶ «በሬህን አውሰኝ» ቢለው ፈትቶ አይሰጥም። የአማይድ ናይትሮጅንም እንደዚያ ነው። ጥንዱ የሱ ነው፤ ግን ተጠምዷል። ከገጠር የመጡ ልጆች ወዲያው ነው የሚገባቸው። የከተማዎቹን መጀመሪያ መቀናጆ ምን እንደሆነ ማስተማር ይጠይቃል።

ስለዚህ የዩሪያ ውሃ እንደ አሞኒያ ውሃ ቤዝ አይሆንም። ናይትሮጅኑን አሞኒያ አድርጎ ለማስለቀቅ ወይ እሳት ወይ ኤንዛይም (ሕያው ነገር ውስጥ ኬሚካዊ ለውጥን የሚያፋጥን ፕሮቲን) ያስፈልጋል። ዳፕና ኤንፒኤስ ማዳበሪያ ውስጥ ያለው ናይትሮጅን ግን አሞኒየም፣ ማለትም ሃይድሮጅን አዮን የተቀበለ አሞኒያ ነው። እሱ ኖራ ሲነካው ሳይውል ሳያድር አሞኒያ ይለቃል። ከዚህ በታች ያሉት ሙከራዎች አብዛኞቹ የተመሠረቱት በዚህ ልዩነት ላይ ነው።

የካርካዴው ወረቀት

አሞኒያው መውጣቱን የምናየው ቤዝ ሲነካው ቀለሙ በሚቀየር ወረቀት ነው። ለዚህ የሚሸጠው ሊትመስ ወረቀት ካላችሁ ይህን ዝለሉት። እኔ ግን ካርካዴውን እመርጣለሁ፤ ቀለሙ ይበልጥ ይናገራል።

አንድ ጭብጥ ካርካዴ በአንድ ስኒ ውሃ አፍሉ። ደሙ ሲወጣና ሲበርድ አጥልሉት። ነጭ ሶፍት አጥፋችሁ ነከር አድርጉና ጥላ ላይ አድርቁት። ከዚያ በጣት ስፋት ቁረጡት። ፀሐይ ላይ ያደረቅኩት ደብዝዞብኛል።

የሚሠራ መሆኑን ለማወቅ የአመድ ውሃ ተጠቀሙ። አንድ ማንኪያ የእንጨት አመድ በውሃ በጥብጣችሁ አስቀምጡትና ሲጠል ከላዩ አንድ ጠብታ ወረቀቱ ላይ ጣሉ። ቀዩ መጀመሪያ ወደ ሰማያዊ ይሄዳል፤ ከዚያ አረንጓዴ ይሆናል። ይህን የሚያደርገው በዋናነት አመድ ውስጥ ያለው ፖታሲየም ካርቦኔት ነው። እንግሊዛዊው ሃምፍሪ ዴቪ እ.ኤ.አ. በ1807 ፖታሲየምን በኤሌክትሪክ ለይቶ ሲያወጣ የሰጠው ስም ራሱ ከ«ድስት አመድ» የመጣ ነው። በዓመቱ ካልሲየምን አወጣ፤ እሱም የኖራው ባለቤት ነው። እናቶቻችን ልብስ በአመድ ውሃ ሲያጥቡ ከፔሪዮዲክ ሰንጠረዡ የግራ ጠርዝ ጋር ነበር የሚውሉት።

ወረቀቱን ለጋዝ ስትጠቀሙበት በንጹሕ ውሃ አርጥቡት። ደረቅ ከሆነ አሞኒያው የሚሟሟበት አያገኝም፤ ቀለሙም አይቀየርም። እና አንድ ደስ የሚል ነገር አለ፤ በአሞኒያ አረንጓዴ የሆነው ወረቀት ሲደርቅ መልሶ ወደ ቀይ ያዘነብላል። አሞኒያው በንኖ ይሄዳልና። በአመድ የተቀየረው ግን እንዳለ ይቀራል።

መጀመሪያ በእጅ ዳሰሳ

ግማሽ ብርጭቆ ውሃ ላይ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ሙሉ ዩሪያ ጨምሩና አማስሉ። ብርጭቆውን ከውጭ ያዙት። ይቀዘቅዛል። ትንሽ አይደለም፤ በደንብ ይቀዘቅዛል። ዩሪያ ሲሟሟ ሙቀት ከውሃው ይወስዳል።

ጎረቤቴ ለጓሮዋ ጎመን ያስቀመጠችው የታመነ ዩሪያ ነበራት። ከእሷ አንድ ኩባያ ተበደርኩና ሁለቱን ጎን ለጎን ሞከርን። ከትምህርት ቤት ያመጣሁት ቴርሞሜትር የእሷ ላይ ከ21 ወደ 11 ዲግሪ ወረደ። አጎቴ ብርጭቆውን ይዘው «በረዶ ጣልሽበት እንዴ?» አሉ። የሳቸው ላይ ግን 14 ላይ ቆመ።

ይህ ጥርጣሬ እንጂ ፍርድ አይደለም። ሲሟሙ የሚያቀዘቅዙ ሌሎች ጨዎችም አሉ። ግን ልብ በሉ፤ የታመነ ናሙና ከጎኑ ባይኖር ኖሮ 14ንም «አይ፣ ቀዝቅዟል» ብለን እናልፈው ነበር። የሚወዳደርበት ሳይኖራችሁ ምንም አትፈትኑ።

ማንኪያው፣ ወይም ፍሬ ቆጠራ

ከሁሉም የምወደው ይህ ነው።

ዩሪያ በ133 ዲግሪ ይቀልጣል። የገበታ ጨው የሚቀልጠው 801 ላይ ነው። በመሐላቸው ያለው ርቀት በጣም ሰፊ ስለሆነ የከሰል ምድጃ ይለያቸዋል። የፈላ ውሃ ግን አይበቃም። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃችን የሚፈላው 93 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው።

ደህና ፍም ያለው ምድጃ አዘጋጁ። ማንኪያው ላይ አምስት ስድስት ፍሬ አድርጉና ከፍሙ በላይ ጥቂት ከፍ አድርጋችሁ ያዙት። እጀታውን በጨርቅ ጠቅልሉት፤ ይግላል። እውነተኛ ዩሪያ እንደ ቅቤ ይሟሟና ጥርት ያለ ውሃ ይሆናል። ወዲያው አረፋ ማውጣት ይጀምራል። እርጥቡን የካርካዴ ወረቀት ከላዩ ያዙ፤ አረንጓዴ ይሆናል። ሽታው የታወቀ ነው። ከብት ያደረበት በረት ማለዳ ሲከፈት የሚመታችሁ ያው ሽታ ነው። እዚያም ያለው ያው ኬሚስትሪ ነው፤ ሽንት ውስጥ ያለው ዩሪያ ሲፈርስ የሚወጣ አሞኒያ።

ሲቀጥል ፈሳሹ ይደፈርሳል፤ ነጭ ሆኖ ይደርቃል። እዚህ ላይ አንሱት። ከዚያ በላይ ካቃጠላችሁት ዓይንና ጉሮሮ የሚያቃጥል ጭስ ይወጣል።

ጨው ቢሆን ይንጣጣል እንጂ አይቀልጥም። ስኳር ቢሆን ይቀልጣል፤ ግን ይጠቁራል፤ ሽታውም የተቃጠለ ስኳር ነው። አሸዋ ያው አሸዋ ነው።

ችግሩ ያለው ድብልቅ ላይ ነው። የአጎቴን ናሙና መጀመሪያ አንድ ላይ ከምሬ ሳሞቀው ቀለጠ፤ አሞኒያም ሸተተ። «ዩሪያ ነው» ብዬ ልመልሳቸው ነበር። ከዚያ ፈሳሹ ውስጥ ያልቀለጡ ድቃቂዎች አየሁ። ችግሩ የቀለጠ ዩሪያ ራሱ ጥቂት ጨው ያሟሟል፤ ስለዚህ ክምር ላይ ማየት ያታልላል።

መፍትሔው ፍሬዎቹን መለያየት ሆነ። የቆርቆሮ ክዳን ወሰድኩ፤ ያ የትልቁ የቲማቲም ጣሳ ክዳን። አሥር ፍሬ ሳልመርጥ አነሳሁና ሳይነካኩ በየቦታቸው ደረደርኳቸው። ክዳኑን ፍም ላይ አስቀመጥኩ። በአንድ ደቂቃ ውስጥ ሰባቱ ጠብታ ሆኑ። ሦስቱ እንደ ድንጋይ ቆሙ። አጎቴ ጎንበስ ብለው እያዩ ነበር። ምንም አላሉም።

አሥር ፍሬ ያንሳል ብዬ አምስት ጊዜ ደገምኩት። ከ50 ፍሬ 17ቱ አልቀለጡም። የቀሩትን በመርፌ ጫፍ አንስቼ በማጉያ መስታወት አየኋቸው፤ ማዕዘን ያላቸው ናቸው። የዩሪያ ፍሬ ክብ ነው፤ እንደ ጥቃቅን ዶቃ። ሻካራ ጨው ወቅጠው ነው የቀላቀሉት። 17 ከ50 ሲካፈል 34 በመቶ ነው። የፍሬዎቹ መጠን እኩል ስላልሆነ ትክክለኛ የክብደት ልክ አይደለም። ግን «ጥቂት ገብቶበታል» እና «ሲሶው ጨው ነው» የሚሉትን ለመለየት በቂ ነው። የቴርሞሜትሩም 14 ከዚህ ጋር ይሄዳል።

አጎቴ ዝም ብለው ቆዩና «ታዲያ መልሶ መለየት አይቻልም?» አሉ። በመርህ ደረጃ ይቻላል። ንጹሕ አልኮል ዩሪያን ያሟሟል፤ ጨውን ግን እምብዛም አይነካውም። ይህን ስነግራቸው ዓይናቸው በራ። «ዳግም አረቄ አለኝኮ!» አረቄ ውስጥ ግን ብዙ ውሃ አለ፤ ጨውም አብሮ ይሟሟል። ደግሞ ለአንድ ማዳበሪያ ዩሪያ ስንት በርሜል አረቄ ሊገባ ነው?

ኖራው፣ እና እኔ የተዋረድኩበት ቀን

ኖራ የምትጠቀሙት ፍሬው ጠቆር ወይም ግራጫ ሲል፣ ማለትም ዩሪያ ነው ወይስ ዳፕና ኤንፒኤስ ወገን ነው ብላችሁ ስትጠራጠሩ ነው። አንዳንዴ ከረጢቶች ይቀያየራሉ፤ ጽሑፉም ይጠፋል።

በጠርሙስ ክዳን ላይ ጥቂት የተፈጨ ናሙና አድርጉ። የዚያኑ ያህል ኖራ ጨምሩ። ሁለት ሦስት ጠብታ ውሃ። በእንጨት ቀላቅሉትና ስኒ ድፉበት። ስኒው ውስጠኛ ግድግዳ ላይ እርጥብ የካርካዴ ወረቀት ለጥፉ። አሞኒየም ካለ ወረቀቱ በደቂቃ ውስጥ ይቀየራል፤ ስኒውን ስታነሱ ሽታው አፍንጫ ይሰነፍጣል። ዩሪያ ከሆነ ምንም የለም። ዝም። ያንኑ ድብልቅ የፈላ ውሃ ላይ በተቀመጠ ጣሳ ውስጥ ስታሞቁት ግን ቀስ እያለ አሞኒያው ይመጣል። አሥር ደቂቃ ገደማ ታገሱት። ቤዙና ሙቀቱ ተባብረው ቀንበሩን ይፈቱታል፤ ካርቦኑ ከኖራው ካልሲየም ጋር ተጣምሮ ካልሲየም ካርቦኔት ሆኖ ይቀራል፤ ናይትሮጅኖቹ አሞኒያ ሆነው ይወጣሉ።

አሁን ውርደቴን ልንገራችሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ይህንኑ በዳፕ ለአንድ ክፍል ተማሪ ላሳይ ቆምኩ። «አሁን የሚሸተውን ልብ በሉ» አልኩ። ምንም አልሸተተም። ኖራ ጨመርኩ። ምንም። ከኋላ አንዱ «ቲቸር፣ ጉንፋን ይዞኛል መሰለኝ» አለ፤ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

ኖራው ሞቶ ነበር። አፉ ሳይታሰር ሁለት ክረምት የከረመ ኖራ ነው። የተቃጠለ ኖራ ድንጋይ ታሪኩ እንዲህ ነው። ካልሲየም ካርቦኔት 900 ዲግሪ ገደማ ሲቃጠል ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ይለቅና ካልሲየም ኦክሳይድ ይሆናል። ውሃ ሲነካው እየጋለ ይፈነዳዳል፤ ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ ይሆናል። እኛ ግድግዳ የምንቀባው ይህን ነው። አየር ላይ ሲከርም ግን ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ቀስ እያለ መልሶ ይወስድና ወደ ድሮው ድንጋይነቱ ይመለሳል። ድንጋይ ደግሞ ከአሞኒየም ጋር በቀላሉ አይጣላም።

ለግንበኛ ይህ በረከት ነው። የፋሲል ግቢ ድንጋዮችን የያዘው የኖራ ጭቃ የጠነከረው እንዲሁ አየር እየጠጣ ነው። ለኔ ግን ውርደት ሆነ።

ስለዚህ ኖራችሁን ፈትኑ። ቁንጥር ኖራ ላይ ሎሚ ወይም አቼቶ ጠብ አድርጉ። ከፍተኛ አረፋ ካወጣ ሞቷል፤ ጣሉት። ዝም ብሎ ከሟሟ ሕያው ነው። ወይም ጥቂቱን በውሃ በጥብጣችሁ ሲጠል በቀጭን ቱቦ እፍ በሉበት። የጠራው ውሃ ወተት ከመሰለ ደህና ነው። ከዚያ በኋላ ኖራዬን የማስቀምጠው ክዳኑ በሚገጥም ጣሳ ነው።

አኩሪ አተር

ይህ ለገበሬው አያስፈልገውም። ለተማሪ ግን ከሁሉም ይጥማል።

አሥር ፍሬ ጥሬ አኩሪ አተር ሌሊቱን ዘፍዝፉ። ጠዋት በሙቀጫ ወቅጡና ግማሽ ስኒ ውሃ ጨምራችሁ አጥልሉት። ሌላ አሥር ፍሬ ደግሞ ወቅጣችሁ በደንብ ቀቅሉና እንዲሁ አጥልሉ፤ አብርዱት። ሁለት ብርጭቆ ውስጥ አንዳንድ የሻይ ማንኪያ ዩሪያ በውሃ አሟሙና ሐምራዊ ሮዝ እስኪመስል ጥቂት የካርካዴ ውሃ ጠብ አድርጉበት። አንዱ ላይ ጥሬውን፣ አንዱ ላይ የተቀቀለውን ጨምሩ።

ጥሬው ያለበት በግማሽ ሰዓት ውስጥ ወደ ሰማያዊ፣ ከዚያ ወደ አረንጓዴ ይሄዳል። ቀዝቃዛ ቀን ከሆነ ይዘገያል። የተቀቀለው እዚያው ሮዝ ሆኖ ይቀራል። ያለ እሳት፣ ያለ ኖራ፣ ቀንበሩ ተፈታ። የፈታው ዩሪየዝ የሚባል ኤንዛይም ነው። አሜሪካዊው ጄምስ ሰምነር እ.ኤ.አ. በ1926 ክሪስታል አድርጎ ያወጣው የመጀመሪያው ኤንዛይም እሱ ነው፤ በ1946 ኖቤል አስገኝቶለታል። መቀቀል ኤንዛይሙን ይገድለዋል። የእንስሳት መኖ የሚያዘጋጁ ሰዎችም አኩሪ አተሩ በቂ መብሰሉን የሚያውቁት በዚሁ መንገድ ነው።

ኮስቲክ ሶዳና ኮፐር ሰልፌት ካላችሁ

ይህ ለትምህርት ቤት ብቻ ነው፤ ኮስቲክ ሶዳ ቆዳና ዓይን ያቃጥላል። ጓንትና መነጽር አድርጉ። ሁልጊዜ ሶዳውን ወደ ውሃው እንጂ ውሃውን ወደ ሶዳው አታፍስሱ።

ማንኪያ ላይ ደፍርሶ የደረቀውን ዩሪያ አትጣሉት። ሁለት ዩሪያ ተጋጥመው አንድ አሞኒያ ለቀው ባዩሬት የሚባል ነገር ሠርተዋል። በሞቀ ውሃ አሟሙት። ቀጭን የኮስቲክ ሶዳ ውሃ ጨምሩ። ከዚያ አንድ ወይም ሁለት ጠብታ የኮፐር ሰልፌት። ወይን ጠጅ ይሆናል። ኮፐሩን ካበዛችሁት ሰማያዊው ይውጠዋል። ከጎኑ የእንቁላል ነጭ በውሃ በጥብጣችሁ ያንኑ አድርጉበት። ያው ቀለም ይመጣል። እንቁላል ውስጥ ባዩሬት ኖሮ አይደለም። ፕሮቲን ራሱ የተያያዘው በአማይድ ቦንድ ስለሆነ ነው። የናይለን ገመድም እንዲሁ ነው። ራስ ምታት ሲይዛችሁ የምትውጡት ፓራሲታሞልም አማይድ ነው።

ማሳው ላይ ሲደርስ

አፈር ውስጥ ያሉ ረቂቅ ሕዋሳትም ዩሪየዝ አላቸው። ዩሪያ እርጥብ መሬት ላይ ተበትኖ ከቀረ እነሱ ይፈቱትና አሞኒያው ወደ ሰማይ ይሄዳል። የተገዛው ናይትሮጅን ማለት ነው የሚሄደው። ለዚህ ነው አፈር አልብሱት የሚባለው፤ ከሦስት እስከ አምስት ሴንቲሜትር ይበቃል። ለአሲዳማ መሬት የሚሰጠውን ኖራ ከዩሪያ ጋር በአንድ ቀን አትበትኑ። አመድም እንዲሁ። ሁለቱም አሞኒያውን ያባርሩታል። ኖራው ከመዝራት ሳምንታት ቀድሞ ይግባ።

ያው መፈታት በጥንቃቄ ሲሆን ይጠቅማል። ለ100 ኪሎ ገለባ ከ4 እስከ 5 ኪሎ ዩሪያ በውሃ አሟሙተው እየረጩ፣ በላስቲክ አፍነው ሦስት ሳምንት የሚያቆዩት፣ የሚወጣው አሞኒያ ጠንካራውን ገለባ ለከብት እንዲያላላው ነው። ሲከፈት አሞኒያው እስኪወጣ መናፈስ አለበት። ልኩን ከግብርና ባለሙያ ጋር ተነጋገሩ።

ከብት ግን የዩሪያ ውሃ እንዳይጠጣ። የላም ጨጓራ ውስጥ ዩሪየዝ ሞልቷል። አሞኒያው ባንዴ ይለቀቅና ከብቱን በሰዓታት ውስጥ ሊገድለው ይችላል። ባዶ ከረጢቱን ገንዳ አጠገብ አትጠቡ። ሆዱ የተነፋ፣ የሚንቀጠቀጥ ከብት ካያችሁ ቶሎ የእንስሳት ሐኪም ጥሩ።

አጎቴ በማግስቱ ክዳኑንና የቀረውን ናሙና ፌስታል ውስጥ ከተው ወጡ። ሻጩ ቤት ሄደው ራሱ የሻጩ ከሰል ላይ አሥር ፍሬ ደረደሩለት። ሰው ተሰብስቦ ሲያይ፣ ሦስቱ ሳይቀልጡ ሲቀሩ፣ ግማሽ ብሩን መለሰላቸው። ነሐሴ ላይ ደውዬ ክዳኔን ስጠይቃቸው «ጎረቤት ወስዶታል፤ ከሱም ሌላው» አሉኝ። እስካሁን አልተመለሰም።